ዳኛው ማን ነው?

ለመሆኑ ጨዋታ የሚገኘው በዕቃው ውስጥ ነው ወይስ በተጫዋቹ ጭንቅላት ውስጥ? ሐኪም ጋራ ላይ ዐረፍ ብሎ፣ የሐረርን ጁገል ቁልቁል እያየ ገበጣ መጫወት ያማረው ሰው የሚያስፈልገው ጥቂት ጉድጓድና ጠጠር ብቻ ነው። ደንቡን እሱና ባላጋራው ያውቁታል። ቢጣሉም ዳኛው አጠገባቸው የቆመው ተመልካች ነው።

ከቴሌቪዥን ጋር እየተያያዙ ቤት ውስጥ የሚሠሩት የመጀመሪያዎቹ የጨዋታ ሳጥኖች መመዘን ያለባቸውም በዚሁ ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። ፋና ወጊው፣ ራልፍ ቤየር የተባለ መሐንዲስ ከነደፈው ሥራ ተነሥቶ የማግናቮክስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ ለገበያ ያዋለው ኦዲሲ ነው። የእኛ አገር ቴሌቪዥን ያኔ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ነበር።

ኦዲሲ ድምፅ የለውም፤ ቀለም የለውም፤ ነጥብም አይቆጥርም። የሚያሳየው ጥቂት የብርሃን ነጠብጣቦችንና አንድ መስመር ብቻ ነው። ሜዳውን የሚያሟላው በቴሌቪዥኑ መስተዋት ላይ የሚለጠፍ ባለሥዕል ፕላስቲክ ነው። በበረዶ መንሸራተቻው ጨዋታ ተጫዋቹ ብርሃኑን በተሣለው መንገድ ይመራል፤ ከመንገዱ ቢወጣ ግን ሳጥኑ አያውቅም። የሚያውቀው አብሮት የተቀመጠው ሰው ነው።

በ1975 የአታሪው ፖንግ ሲርስ በተባለው መደብር አማካይነት ቤት ገባ። ኳሷ ስትመታ ድምፅ ይሰማል፤ ነጥቡ ራሱ መስተዋቱ ላይ ይጻፋል። በሚቀጥለው ዓመት ጀነራል ኢንስትሩመንት ይህን መሰል ጨዋታዎች በአንድ ቺፕ አሳርፎ ለፈለገ አምራች ሁሉ ስለሸጠው ዓለም በተመሳሳይ ሳጥኖች ተጥለቀለቀ።

ፖንግ የተዋጣለት ሥራ መሆኑን የሚክድ የለም። የኦዲሲ ድህነትም የዋጋና የዘመኑ ቴክኒክ ጣጣ እንጂ ታስቦበት የመጣ ጥበብ አይደለም። ይሁንና ያ ድህነት ለሰው ቦታ ትቶ ነበር። ደንቡን ማስከበር፣ ነጥብ መቁጠር፣ መከራከርና መታረቅ የተጫዋቾቹ ፈንታ ነበር። ፖንግ ዳኝነቱን ከሰው ወስዶ ለሳጥኑ ሰጠ። ክርክሩ ቀረ፤ ከክርክሩ ጋር ደንቡን በስምምነት የመለወጥ መብትም ቀረ።

ይህ የአሮጌ ዕቃ ወሬ ብቻ እንዳይመስለን። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ‹‹ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር›› ላይ ባወጡት ጥናት ገበጣ በአገራችንና በአፍሪካ ቀንድ ከቦታ ቦታ የተለያየ አጨዋወት እንዳለው መዝግበዋል። ዛሬ ገበጣ በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ስልክ ደግሞ እንደ ፖንግ የተሰጠውን ደንብ ብቻ ያውቃል። አንዱ አጨዋወት ተመርጦ ከገባ ነገ ልጆቻችን ‹‹ትክክለኛው›› እሱ ብቻ ይመስላቸዋል፤ የሌላው አገር አጨዋወት ስህተት ይሆናል ማለት ነው።

ገበጣን ለስልክ የምታዘጋጁ ወጣቶች ሥራችሁ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ተጫዋቾቹ ከመጀመራቸው በፊት ‹‹በየትኛው ደንብ እንጫወት?›› ተባብለው የሚመርጡበትን ቦታ አትንሷቸው።