ያልመሠረቱት ቤት፦ ነገሥታትና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አጀማመር፣ ከቦሩ ሜዳ ሲታይ

ከደሴ ሆጤ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ያቀና መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ ቦሩ ሜዳ ይደርሳል። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚህ ሜዳ ሊቃውንቱን፣ መኳንንቱንና በቅርቡ የገበሩላቸውን የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን ሰብስበው የሃይማኖት ጉባኤ ተቀመጡ። ለዘመናት ሊቃውንቱን ሲከፋፍል የኖረው ክርክር፣ ተዋሕዶና ሦስት ልደት፣ እዚያው ተቆረጠ። ከእስክንድርያው ፓትርያርክ የመጣ ደብዳቤ ተነበበ፤ ተዋሕዶ ጸና፤ ሌላው ተወገዘ። የወሎ ሙስሊም ባላባቶችም ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ። መሐመድ አሊ በዐፄ ዮሐንስ ክርስትና አባትነት ሚካኤል ተባሉ፤ አባ ዋጠው ደግሞ በምኒልክ ክርስትና አባትነት ኃይለ ማርያም።

ይህን ጉባኤ ስለ ፕሮቴስታንት እምነት በሚጻፍ ጽሑፍ መግቢያ ላይ ማየት አንዳንድ አንባቢ ሊያስገርመው ይችላል። የእኔ መከራከሪያ ግን ከዚህ ይነሣል፦ የኢትዮጵያን ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የመሠረተ ንጉሥ የለም፤ ሆኖም የት እንደሚበቅሉ፣ በማን እንደሚመሩና በምን ዓይነት ሥራ እንደሚታወቁ በአብዛኛው የወሰኑት ነገሥታቱ ናቸው።

በአውሮፓ ነገሩ ግልጽ ነው። የሳክሶኒው መስፍን ፍሬድሪክ ሉተርን በ1521 እ.ኤ.አ. በቫርትቡርግ ግንብ ባይሸሽገው ኖሮ ተሐድሶው ገና በማለዳው በተቀጨ ነበር። ንጉሥ ጉስታቭ ቫሳ በ1527 በቬስቴሮስ ጉባኤ የስዊድንን ቤተ ክርስቲያን ሀብት ወደ ዘውዱ አዞረ። ሄንሪ 8ኛ በ1534 ራሱን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ አደረገ። በዚያው በ1534 አባ ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ቪተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ተነጋግሯል፤ ይህ ግንኙነት ግን የቤተ መንግሥት ተከታይ አላገኘም። የቬስቴሮስንና የቦሩ ሜዳን ጉባኤዎች ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው መሣሪያው አንድ ነው፤ ንጉሡ ጉባኤ ይጠራል፣ ሃይማኖት ይወስናል፣ የወሰነውንም በመንግሥት ኃይል ያስፈጽማል። ስዊድን ላይ ይህ መሣሪያ የሉተራን ቤተ ክርስቲያንን አቆመ፤ ወሎ ላይ ከተዋሕዶ ሌላ ማንኛውም ትምህርት ከመንግሥቱ አጥር ውጭ እንዲሆን አደረገ።

በመስኩ ዋና የሆኑት ሁለት የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ነጥብ ከሁለት ወገን ይነኩታል እንጂ አይቋጩትም። ዶናልድ ክራሚ «ቀሳውስትና ፖለቲከኞች» በሚለው ጥናቱ ከ1830 እስከ 1868 እ.ኤ.አ. ያሉትን ሚሲዮኖች ሲመረምር የገዢዎቹን ስሌት በጥንቃቄ ያሳያል፤ ነገር ግን በዐፄ ቴዎድሮስ ፍጻሜ፣ መቅደላ ላይ ይቆማል፣ ቦሩ ሜዳም ከመጽሐፉ ደጅ ይቀራል። ጉስታቭ አሬን በበኩሉ የመካነ ኢየሱስ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያንን አመጣጥ መጽሐፍ ቅዱስ በማንበብ ከተነሡ የሐማሴን ካህናት ይጀምራል። እንቅስቃሴው ነጭ ያመጣው ብቻ አለመሆኑን ማሳየቱ ትልቅ ውለታ ነው። ንጉሡ ግን በእርሱ ትረካ አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ የሚሰጥ ወይም የሚነሣ ሰው ሆኖ ይታያል፤ የእንቅስቃሴውን መልክ የሚቀርጽ ሆኖ አይታይም።

የመልኩ አቀራረጽ የጀመረው በአንኮበር ነው። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሚሲዮናዊውን ዮሐን ክራፕፍን በ1831 ዓ.ም. የተቀበሉት መሣሪያና ባለ እጅ ከአውሮፓ ያስመጣልኛል በሚል ተስፋ ነበር፤ ክራፕፍ ከንጉሡ ጋር ዘመቻ ሳይቀር ወርዷል። በ1834 ከሸዋ ወጥቶ በወሎ ሲያልፍ ባላባቱ አዳራ ቢሌ ይዘው ንብረቱን ዘረፉት፤ ወደ ሸዋ ሊመለስ ሲሞክርም በሩ ተዘጋበት። ዐፄ ቴዎድሮስ ይህንኑ ስሌት ወደ ሕግ አቀረቡት። ክሪሾና ከተባለው የፕሮቴስታንት ሚሲዮን የመጡት ሰዎች ጋፋት ላይ ብረት እንዲያቀልጡ ተደረገ፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የእነርሱ እጅ ሥራ ነው። ለቤተ እስራኤል እንዲሰብኩም ተፈቀደ፤ ግን የሚያምነው ሁሉ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቅ በሚል ግዴታ። ጉዳዩን እንደ ቀላል ማየት አይገባም። ሰባኪ አለ፣ አማኝ አለ፣ የራሱ የሆነ ቤተ ክርስቲያን ግን የለም። «ጥበባችሁን እንጂ ማኅበራችሁን አንፈልግም» የሚለው አቋም በኋላ እስከ 1966 ድረስ የዘለቀው በዚህ መልክ ነው።

ቦሩ ሜዳ ይህን አቋም ከአንድ ንጉሥ ፈቃድ ወደ መንግሥት ሥርዓት አሳደገው። ምኒልክ ማሳያ የተባሉትን የካቶሊክ ሚሲዮናዊ በ1871 ከሸዋ ያስወጡት በዐፄ ዮሐንስ ግፊት ነው፤ ፕሮቴስታንቶቹም ከዚህ አልተረፉም። ምኒልክ ራሳቸው ሲነግሡ ነገሩ ረገብ አለ እንጂ አልተለወጠም። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት አናሲሞስ ነሲብ በ1896 አዲስ አበባ ገብተው በንጉሡ ፈቃድ ወደ ወለጋ ወረዱ። ካህናት ከሰሷቸው፤ በ1898 አቡነ ማቴዎስ እንዲሰደዱ ፈረዱ። ምኒልክ ፍርዱን አሻሻሉት፦ ነቀምቴ ይመለሱ፣ ያስተምሩ፣ አይስበኩ። ማስተማር ይፈቀዳል፣ መስበክ ይከለከላል። ጋፋት ላይ የታየው ወሰን በሌላ ቋንቋ ተደገመ፤ የነቀምቴው ገዢ ደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳ ጥላ ባይሆኗቸው ኖሮ ይህም ባልተገኘ።

እገዳው የተነሣው በ1908 በልጅ ኢያሱ ነው። ልጅ ኢያሱ ቦሩ ሜዳ ላይ ክርስትና እንዲነሡ የታዘዙት፣ በኋላ ደሴን መናገሻቸው ያደረጉት የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ናቸው። ውሳኔውን ከአባታቸው ታሪክ ጋር በቀጥታ የሚያስር ማስረጃ አለ አልልም። ነገር ግን በንጉሥ ትእዛዝ ሃይማኖት በተለወጠበት ቤት ያደገ ገዢ፣ ሃይማኖትና ታማኝነት የግድ አንድ አይደሉም ብሎ ማሰቡ አያስደንቅም። የልጅ ኢያሱን ዘመን በሐረር መስጊዶች በኩል ብቻ የሚያነቡ ጸሐፊዎች ይህን የወለጋ ፈቃድ ሳይመዝኑት ማለፋቸው ያሳዝነኛል።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አሮጌውን ስሌት በነሐሴ 1936 በድንጋጌ ጻፉት። አገሪቱ ለሚሲዮን ክፍት በሆነና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በሆነ አካባቢ ተከፈለች፤ በሁለተኛው ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ይፈቀዳል፣ ስብከት ግን አይፈቀድም። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በሚኖርበት ወሎ እንዲህ ያለ መስመር ማስመር ምን ያህል እንደሚከብድ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን የሥጋ ደዌ ሕሙማንን የሚያክምበት ሆስፒታል የተከለው እዚሁ ቦሩ ሜዳ ነው። ሐኪሙ የተጋበዘው ከሰባ ዓመታት ገደማ በፊት ሃይማኖት በአዋጅ በጸናበት ሜዳ ላይ ነው፤ የሕክምናውም ውለታ ለብዙ የወሎ ቤተሰብ እውነተኛ ነበር። አማኙ በብዛት የተሰበሰበው ግን በወለጋ፣ በሲዳማ፣ በወላይታና በከምባታ ነው። ዛሬ የምናየው የወንጌላውያን ካርታ ከሰባኪዎች ትጋት የተወለደውን ያህል ከዚህ ድንጋጌም ተወልዷል።

ጥር 13 ቀን 1951 መካነ ኢየሱስ አገር አቀፍ ቤተ ክርስቲያን ሆና ቆመች፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የዐፄው ሚኒስትር አማኑኤል አብርሃም ፕሬዚዳንቷ ሆኑ። የሉተራን ነገሥታት በአውሮፓ ያደረጉት በኢትዮጵያ በአንድ ምእመን ሹም በኩል በትንሹ የተፈጸመ ይመስላል፤ ዘውዱ ቤተ ክርስቲያኗን አልመሠረተም፣ መሪዋ ግን ከዘውዱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተገኘ። በ1959 የሙሉ ወንጌል የተባለው የጴንጤቆስጤ ማኅበር ወጣቶች ለመመዝገብ ሲያመለክቱ የሆነው ሌላ ነው። እነዚህ የአገር ልጆች፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። የንጉሡ ሕግ ሚሲዮንን ያውቃል፣ ሐኪሙንና መምህሩን ያውቃል፤ ከውጭ ሳይመጣ ከአገሩ ወጣት የበቀለ የወንጌል ማኅበር ግን በየትኛው ዓምድ እንደሚጻፍ አያውቅም። ጥያቄው ውድቅ ሆነ፤ ኋላም ብዙዎች ታሰሩ። እነርሱም በየቤቱ በትንንሽ ቡድን መሰብሰብን ለመዱ። ደርግ የሌሎቹንም አዳራሽ ሲያሽግ፣ ሕጋዊ የነበሩት አብያተ ክርስቲያናት የተሻገሩት ይህንኑ የየቤት ጉባኤ ተከትለው ነው።