የቤተ እስራኤል ማዕድና ጎረቤቱ፤ የተጻፈውና የሚታየው ሲመረመር

ቀድሞ በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ፈላሻ ተብለው ይጠሩ የነበሩት የቤተ እስራኤል ወገኖች፥ አብዛኞቹ ዛሬ የሚኖሩት በእስራኤል አገር ነው። በ1984 እና በ1985 ብዙ ሺህ ሰዎች በሱዳን በኩል ተሻገሩ፤ በግንቦት 1991 ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ በየሰፈሩ ባለ የማኅበር አዳራሽ እየተሰበሰቡ ባህላቸውን ለልጆቻቸውና ለእንግዳ ማሳየት ልማድ ሆኗል። እንጀራው ይቀርባል፥ ዳቦው ይቈረሳል፥ ቡናው ይፈላል፥ ወጣቶቹም እስክስታ ይወርዳሉ። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ነቀፋችንም በጉባኤው ላይ አይደለም። ነቀፋችን ጉባኤውን አይተው ስለ ቤተ እስራኤል ማዕድ በሚጽፉትና በሚናገሩት ላይ ነው፤ ይኸውም ምግቡን ቈጥረው የማዕዱን ሕግ ስለሚተዉ ነው።

በአዳራሹ የሚቀርበው ሁሉ የቤተ እስራኤል ምግብ ተብሎ ይነገራል። ነገር ግን የጤፉ እንጀራ፥ ሽሮውና የዶሮው ወጥ፥ ድፎው ዳቦ የጎንደር ገበሬ ሁሉ ምግብ ነው። አንዱን ቤት ከሌላው የሚለየው ድስቱ ሳይሆን ሕጉ ነበር። በቤተ እስራኤል ዘንድ ሰንበት ከገባ በኋላ እሳት አይነድም፤ የሰንበት ምግብ ዓርብ ተሰናድቶ ያድራል። በፋሲካ ሰሞን እርሾ ያለበት ነገር ሁሉ ይርቃል፤ በእንጀራም ፈንታ ቂጣ ይበላል። ሥጋ ጥሬውን አይበላም፤ የሌላ እምነት ሰው ያረደውም አይቀመስም። ከውጭ ሰው ጋራ የተነካካ ሰው ወደ መንደሩ ሲመለስ ገላውን ይታጠብ ነበር፤ ይህ ልማድ «አትንኩኝ» ይባል ነበር። መንደሮቻቸው በወንዝ ዳር የተቈረቈሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እንግዲህ በአንድ ገበያ እህል እየሸመቱ፥ አንድ ዓይነት ወጥ እየሠሩ፥ አብረው ያልበሉ ጎረቤቶች ነበሩ ማለት ነው። ለተመራማሪ ትልቁ ጥያቄ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው።

የስግድ በዓል ነገሩን የበለጠ ያስረዳል። ቃሉ ከ«ሰገደ» የወጣ ነው፤ ምህላም ይባላል። በዓሉ የሚውለው ከአስተስርዮ በኋላ በ50ኛው ቀን ነው። በአገር ቤት ሳሉ ካህናቱ ኦሪቱን ይዘው ወደ ተራራ ይወጡ ነበር፤ በጎንደር አካባቢ በአምቦበር የሚደረገው በተለይ የታወቀ ነበር። ሕዝቡ እየጾመ ይወጣል፤ ኦሪት ይነበባል፤ ከመጽሐፈ ነህምያም ሕዝቡ ስለ ኀጢአቱ ተናዝዞ ቃል ኪዳኑን ስለ ማደሱ የሚናገረው ክፍል ይነበባል፤ ከቀትር በኋላ ወደ መንደር ወርደው ጾማቸውን ይፈታሉ። የግብሩ ደስታ የሚመጣው ከጾሙና ከስግደቱ በኋላ ነው። የእስራኤል ምክር ቤት ስግድን በ2008 በሕግ የአገር በዓል አድርጎታል፤ በኢየሩሳሌምም ካህናቱ ዛሬም ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆመው ይጸልያሉ። በአዳራሽ የሚደረገው ምሽት ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከማዕዱ ነው። ማዕዱን ብቻ ያየ እንግዳ ግማሹን በዓል አየ፤ ያየውን ብቻ የጻፈ ሊቅ ግን ግማሹን እንደ ሙሉ አስተላለፈ።

የሊቃውንቱን ሥራ ስንመለከት ሚዛኑ አንድ ዓይነት አይደለም። ቮልፍ ሌስላው በ1951 ያሳተመው የቤተ እስራኤል መጻሕፍት ስብስብ፥ ትእዛዘ ሰንበትን የመሰሉትን የግዕዝ ድርሳናት ተርጉሞ ለዓለም አስተዋውቋል፤ በመግቢያውም ስለ በዓላቱና ስለ ንጽሕና ሕግ ጠቃሚ ነገር ተናግሯል። ይሁን እንጂ ከመጻሕፍት የተነሣ ሥራ ስለ ሆነ፥ ሕጉን ከነቃሉ ያሳየናል እንጂ ሕጉ በጎረቤት ፊት እንዴት ይሠራ እንደ ነበረ አብዝቶ አያሳየንም። ሐጋር ሰላሞን በ1999 ባወጣችው መጽሐፍ ይህን ጉድለት ሞልታለች፤ ሥጋና ደም፥ እሳትና ሸክላ በቤተ እስራኤልና በክርስቲያኖች መካከል ምን ትርጉም እንደ ነበራቸው ከባለቤቶቹ አፍ ሰምታ ጽፋለች። ሆኖም የጠየቀቻቸው ሰዎች እስራኤል የገቡት ናቸው፤ የቀረው ጎረቤት ቃሉን አልሰጠም። ኬይ ሸለማይ ደግሞ በ1986 ባሳተመችው የዜማ ጥናት የቤተ እስራኤልን ጸሎት ከኢትዮጵያ ክርስቲያን ገዳማት ሥርዐት ጋራ አስተያይታለች። በመደምደሚያዋ የማይስማሙ ቢኖሩም መንገዷ ትክክል ነው፤ ሁለቱን ጎረቤቶች አዳምጣለችና። ለዜማ የተደረገው ለማዕድ ገና አልተደረገም እንላለን።

ይህን ሥራ ለሚጀምር ተማሪ ሰኮሩ ጥሩ ትምህርት ቤት ይሆነዋል። ሰኮሩ የቤተ እስራኤል አገር አይደለችም፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፥ የየም ሕዝብ የሚጎራበታት የኦሮሞ አገር ናት። ነገር ግን የማዕድ ወሰን በሥራ ላይ ሆኖ የሚታይባት ናት። እንደ ሌላው ያገራችን ከተማ ሁሉ የእስላሙና የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት የተለየ ነው፤ ሰርግ የደገሰ ሰው ጎረቤቱን ማክበር ቢፈልግ ለጎረቤቱ ለብቻው ያሳርዳል። በየም ዘንድ ደግሞ ፉጋ እየተባሉ የተገለሉት ሸክላ ሠሪዎች ለረጅም ዘመን ከሌላው ጋራ በአንድ ዕቃ አልበሉም። ቤተ እስራኤልም ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ስለ ነበሩ «ቡዳ» ተብለው ተሰድበዋል። የሰኮሩ ምሳሌ ሁለት ዓይነት ወሰን እንድንለይ ያደርገናል፤ አንዱ እኩያሞች በሃይማኖት ምክንያት ተከባብረው የሚያቆሙት ነው፤ ሁለተኛው የበላይ የሆነው በእጅ ሥራ ምክንያት በሌላው ላይ የሚጭነው ነው። በቤተ እስራኤል ዙሪያ ሁለቱም በአንድነት ነበሩ። «አትንኩኝ» ከውስጥ የወጣ ነው፤ «ቡዳ» ግን ከውጭ የመጣ ነው። ሁለቱን የሚያደባልቅ ጽሑፍ የንጽሕናን ሕግ ከንቀት ሳይለይ ይቀራል።

ቡና ደግሞ ወሰን እንደሚንቀሳቀስ ይመሰክራል። በጅማ አገር ቡና የሁሉ ነው፤ ሥጋ የማይጋሩት ጎረቤታሞች በአንድ ጀበና ዙሪያ ይቀመጣሉ። በሰሜን ግን እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ካህናቱ ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብለው ይጸየፉት ነበር፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ልማዱ ተለወጠ። ስለዚህ ዛሬ በማኅበር አዳራሽ ጀበናው ከጥንት የወረደ የቤተ እስራኤል ምልክት ሆኖ ሲቀርብ፥ ተመራማሪው ታሪኩን መጠየቅ ይገባዋል እንጂ ዝም ብሎ መመዝገብ አይገባውም።

ምናልባት «ልጆች ደስ ብሏቸው በሚበሉበት ቦታ የድሮውን ስድብ ማንሣት ለምን አስፈለገ?» የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ለባለበዓሉ ሕዝብ የሚያሳየውንና የሚሸሽገውን መምረጥ መብቱ ነው፤ ይህ መብት ግን ለሊቅ አልተሰጠውም። ስድቡ ከመዝገብ ከጠፋ፥ ስድቡን ታግሠው ሕጋቸውን የጠበቁት እናቶችና አባቶች ጽናትም አብሮ ይጠፋል፤ የቀረልንም ከሌላው ጎንደሬ ምግብ የማይለይ አንድ ሰሐን ወጥ ብቻ ይሆናል።

ጊዜውም አይጠብቅም። በ1991 ጎልማሳ የነበሩት ዛሬ ሸምግለዋል። በወለቃ፥ በአምቦበርና በሌሎቹ መንደሮች ዙሪያ የቀሩት ክርስቲያንና እስላም ጎረቤቶች፥ ማረሻና ድስት የገዙ፥ በሐዘን ጊዜ የተጠራሩ፥ ለቤተ እስራኤል እንግዳቸው ጥሬ እህል ሰጥተው ራሱ እንዲያበስል የተዉ ሰዎች፥ የሚያውቁትን ይዘው በማለፍ ላይ ናቸው። ተማሪዎቻችን ወደ እነርሱ ይሂዱ፤ ምን በላችሁ ብለው ብቻ ሳይሆን፥ ከማን ጋራ በላችሁ፥ ከማንስ ጋራ አልበላችሁም፥ ስለ ምን ብለው ይጠይቁ።