«ግራቪቲ»፦ ስበት ወይስ ክብደት?

የሜክሲኮዊው ዳይሬክተር የአልፎንሶ ኳሮን ፊልም «ግራቪቲ» በ2013 ለእይታ በቃ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሞከረ ሰው ገና ከደጃፉ ይሰናከላል። የእንግሊዝኛው ቃል ሁለት ነገር በአንድ ትንፋሽ ይናገራል፤ አካል አካልን የሚስብበትን ኃይልም፣ የነገርን ከባድነትም። አማርኛ ግን ሁለቱን ለያይቶ አስቀምጧቸዋል። «ስበት» መሳቡን ብቻ ይናገራል። «ክብደት» ደግሞ በትከሻ ላይ የሚያርፈውን ጫና፣ አልፎም የኀዘንን ሸክም ይናገራል። ተርጓሚው አንዱን መርጦ ሌላውን መተው ግድ ይሆንበታል። ችግሩ የተርጓሚ ጭንቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ የግርጌ ማስታወሻ በታለፈ ነበር። ነገር ግን ምርጫው የፊልሙን ትልቁን ድክመት ያጋልጣል። ኳሮን ስለ ክብደት የተዋጣለት ፊልም ሠርቷል፤ ስለ ስበት የነገረን ግን ጥቂት ነው፤ የነገረንም ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ዶክተር ራያን ስቶን (ሳንድራ ቡሎክ) እና ልምድ ያለው ጠፈርተኛ ማት ኮዋልስኪ (ጆርጅ ክሉኒ) የሀብልን ቴሌስኮፕ በመጠገን ላይ ሳሉ፣ ሩሲያ የገዛ ሳተላይቷን በሚሳይል ትመታለች፤ ስብርባሪው ተዛምቶ መንኩራኩራቸውን ያደቅቃል። ሁለቱ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ፣ ከዚያም ስቶን ብቻዋን ወደ ቻይናው ጣቢያ፣ በመጨረሻም ወደ ምድር ትጓዛለች። ፊልሙ በ2014 ሰባት የኦስካር ሽልማቶችን አግኝቷል፤ የኢማኑኤል ሉቤዝኪ የካሜራ ሥራና የስቲቨን ፕራይስ ሙዚቃ ከተሸለሙት መካከል ናቸው። ይገባቸዋል። ግዙፍ ብረት ያለ አንዳች ድምፅ ሲበጣጠስ ማየት ከማንኛውም ፍንዳታ ይልቅ ያስፈራል።

የፊልሙ ልብ ግን ያለው በጸጥታ በሚነገር አንድ ወሬ ውስጥ ነው። ስቶን ሕፃን ልጅ ነበረቻት። ልጅቱ በትምህርት ቤት አባሮሽ ስትጫወት አዳልጧት ወደቀች፤ ጭንቅላቷ ተመታ፤ በዚያው ቀረች። ጦርነት ወይም ደዌ አልነበረም፤ መውደቅ ብቻ። እናቲቱ ከዚያ ወዲህ የምትኖረው ከሥራ ወደ ቤት መኪና በመንዳት ነው፤ ጠፈር ላይ የወደደችውም ጸጥታውን ነው። ደራሲዎቹ ይህችን እናት የሰው ልጅ መውደቅ የማይችልበት ወደሚመስል ስፍራ ልከዋታል። እዚህ ላይ ነው ትልቅ ዕድል ያመለጣቸው፤ ምክንያቱም የምትንሳፈፍበት ስፍራ ከመውደቅ በቀር ሌላ ነገር የሌለበት ነው።

«ጠፈር ላይ ስበት የለም» የሚለው አነጋገር በአማርኛም በጋዜጣ ሳይቀር የተለመደ ነው። ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የመሬት ስበት በምድር ላይ ካለው ከአሥር እጅ ዘጠኙን ያህል ነው። በዚያ ከፍታ የሚዞር ጠፈርተኛ በእያንዳንዱ ሰከንድ ከ4 ሜትር በላይ ወደ መሬት ይወድቃል። በዚያችው ሰከንድ ግን ከ7 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ወደ ፊት ይራመዳል፤ ምድርም ድቡልቡል ናትና በዚያው ልክ ከሥሩ ታጎነብሳለች። ይወድቃል፤ አይደርስም። አይዛክ ኒውተን በከፍተኛ ተራራ ራስ ላይ መድፍ ተክሎ፣ ጥይቱ እጅግ ሲፈጥን ዞሮ ወደ ተተኮሰበት እንደሚመለስ ያሰበው ይህንኑ ለማስረዳት ነበር። ጠፈርተኛው ክብደት ያጣው ስበት ስለሌለ ሳይሆን፣ እርሱም መርከቡም እኩል ስለሚወድቁ ነው። «ምሕዋር» የሚለው ቃላችን ከግዕዙ «ሖረ»፣ ማለትም «ሄደ»፣ የመጣ ነው። ይህ መሄድ ግን ያለማቋረጥ መውደቅ ነው። ልጇን የነጠቃት መውደቅ እናቲቱን ደግፎ ይዟት ነበር፤ ፊልሙ ይህን አላየውም።

ያላየው ስለመሆኑ ብዙ የተነጋገሩበት የገመዱ ትዕይንት ምስክር ነው። ስቶን እግሯ በፓራሹት ገመድ ተጠላልፎ ቆማለች፤ ኮዋልስኪ በገመድ ከእርሷ ጋር ታስሯል፤ እርሱም ቆሟል። ይሁንና አንድ የማይታይ እጅ ወደ ታች እንደሚጎትተው ሁሉ ገመዱን ፈትቶ ራሱን ይሠዋል። ሁለቱም አንዴ ከቆሙ በኋላ በቀስታ መሳብ ብቻ በቂ ነበር፤ ተንሳፍፎ ወደ እርሷ ይመጣ ነበር። አንዳንድ ተከራካሪዎች «ጣቢያው ይሽከረከር ነበር» ይላሉ፤ ከጀርባ ያሉት ከዋክብት ግን ባሉበት ናቸው። ትዕይንቱ የተቀዳው ከገደል አፋፍ ነው፤ ተራራ ላይ በተሠሩ ፊልሞች ሺህ ጊዜ ያየነው። ተመልካቹ ያለቀሰው በእውነት ቢሆንም፣ የተለቀሰለት ሞት አስፈላጊ አልነበረም።

ሁለተኛው ስሕተት ለምሥራቅ አፍሪካ ተመልካች ይበልጥ ሊቀርብ ይገባል። ከሀብል ወደ ጠፈር ጣቢያው የተደረገው ጉዞ ጎረቤት ለመጠየቅ የተወጣ ይመስላል፤ ጣቢያው በዐይን ይታያል፣ ኮዋልስኪም በጀርባው ባዘለው መንቀሳቀሻ ወደዚያው ያቀናል። ሳተላይት የሚዞርበት ምሕዋር ግን ከምድር ወገብ አንፃር የራሱ ዘንበል አለው፤ ዘንበሉም ከተተኮሰበት ስፍራ ጋር የተያያዘ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1970፣ ኬንያ ነፃነቷን ባከበረችበት ዕለት፣ ከማሊንዲ አጠገብ ባሕር ላይ ከተተከለው የጣሊያኖች የሳን ማርኮ መድረክ አንዲት የኤክስሬይ ሳተላይት ተተኮሰች፤ በስዋሂሊ ነፃነት ለማለት «ኡሁሩ» ተባለች። መድረኩ በምድር ወገብ አጠገብ በመሆኑ የኡሁሩ ምሕዋር ዘንበል 3 ዲግሪ ብቻ ነበር። ከፍሎሪዳ የተነሣው ሀብል 28.5 ዲግሪ፣ ሩሲያውያን ከባይኮኑር እንዲደርሱበት ታስቦ የተሠራው ጣቢያ ደግሞ 51.6 ዲግሪ ያዘነብላሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር፣ ሁሉም ነገር ቢመቻች እንኳ፣ በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር ያህል የፍጥነት ለውጥ ያስፈልጋል። ጠፈርተኞች በ1984 የታዘሉት መንቀሳቀሻ መስጠት የሚችለው በሰከንድ ወደ 25 ሜትር ብቻ ነበር።

«ፊልም የፊዚክስ ፈተና አይደለም» የሚለው መልስ እዚህ ላይ መምጣቱ አይቀርም። ትክክል ነው፤ ስቶን ዐይን ላይ የወጣው እንባ ተላቆ መንሳፈፉን ማንም ይቅር ይላል፤ እውነተኛ እንባ እዚያ ላይ ጉንጭ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ነገር ግን በምሕዋር ላይ ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም፤ ሁለት አካላት የሚራራቁት በፍጥነታቸው ነው። ኬፕለር በ1619 ባሳተመው ሕግ መሠረት ከፍ ብሎ የሚዞር ይዘገያል፣ ዝቅ ብሎ የሚዞር ይቀድማል። ስለዚህ ከፊቱ ያለውን ሊደርስበት የሚሻ ፍሬን መያዝ አለበት፤ ያን ጊዜ ዝቅ ይላል፣ ዝቅ ሲልም ይፈጥናል። በሰኔ 1965 የጄሚኒ 4 አዛዥ ጄምስ ማክዲቪት ወደ ሮኬቱ ቅሪት ለመጠጋት ሞተሩን ወደዚያው እያነጣጠረ ደጋግሞ ተኮሰ፤ ዒላማው ግን ራቀው፣ ብዙ ነዳጅም ባከነ። ትምህርቱ ተቀስሞ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ጄሚኒ 6 ከጄሚኒ 7 ጋር ጎን ለጎን በረረ። ወደ ፈለጋት ነገር ባቀናች ቁጥር የሚርቃት፣ ለመድረስ መዘግየት ያለባት ልጅ የሞተባት እናት፦ ይህን የመሰለ ድራማ በእጁ ሳለ ኳሮን በቀጥታ መስመር የሚዋኙ ሰዎችን መረጠ።

ስለ ስብርባሪው ግን ፊልሙ ሊመሰገን ይገባዋል። የናሳው ዶናልድ ኬስለር ከባልደረባው ጋር በ1978 ያስጠነቀቀውን የግጭት ሰንሰለት ለብዙኃኑ ያሳየ እርሱ ነው። ከዚያ ወዲህ፣ በኅዳር 2021፣ ሩሲያ ኮስሞስ 1408 የተባለ የራሷን ሳተላይት በሚሳይል ስትመታ በጣቢያው የነበሩት ጠፈርተኞች በመመለሻ መርከቦቻቸው ውስጥ ተሸሽገዋል። ታኅሣሥ 30 ቀን 2024 ደግሞ በኬንያ ማኩዌኒ አውራጃ፣ ሙኩኩ በተባለ መንደር፣ 500 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝንና ወርዱ 2.5 ሜትር የሆነ የብረት ቀለበት ከሰማይ ወረደ፤ የአገሪቱ የጠፈር ኤጀንሲ የሮኬት አካል መሆኑን ገለጸ። ሰው አልተጎዳም።

በመጨረሻው ትዕይንት ስቶን ከሐይቅ ወጥታ ጭቃውን ትጨብጣለች። ፊልሙ ስለ ስሙ ማሰብ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ እስከዚያ የታየው ሁሉ ለእርሱ ስበት የሌለበት ነበርና። «ክብደት» ብሎ የሚተረጉም ፊልሙን እንዳለ ይተረጉመዋል፤ «ስበት» የሚል ግን ያርመዋል። ስቶን ለመነሣት ትሞክራለች፣ እግሮቿ ይከዷታል፣ ዳግመኛ ትሞክራለች። ካሜራው ከሥሯ ሆኖ ሽቅብ ያያታል፤ እርሷም ቆማ አንድ እርምጃ ትራመዳለች።