ተመን አንባቢና ተመን አውጪ፦ የብርን አዝማሚያ የመከታተል ሙያ ከአራዳ ገበያ እስከ ባንኮች ጨረታ

የምንዛሪ ገበያን በቴክኒካዊ ትንተና የሚከታተል ባለሙያ ሥራው ያለፈውን የዋጋ እንቅስቃሴ በመስመር አስፍሮ ከመስመሩ መጪውን አቅጣጫ መገመት ነው። ዘዴው የአገሪቱን የንግድ ሚዛን፣ የዋጋ ንረትን ወይም የመንግሥትን በጀት በቀጥታ አይመረምርም፤ እነዚህ ሁሉ በርካታ ገዢዎችና ሻጮች በሚስማሙበት ዋጋ ውስጥ ቀድመው ገብተዋል ብሎ ስለሚነሣ ዋጋውን ራሱን እንደ ሙሉ ምስክር ይቀበላል። ይህ መነሻ ልክ የሚሆነው ግን ዋጋው በእርግጥ ከገዢና ከሻጭ ድርድር የተገኘ እንደሆነ ብቻ ነው። ማዕከላዊ ባንክ ተመኑን በውሳኔ ሲያወጣ፣ ወይም ትልቁ ሻጭ ሆኖ ራሱ ወደ ገበያው ሲገባ፣ በሰሌዳው ላይ የሚታየው መስመር የብዙኃኑን ፍላጎት ሳይሆን የጥቂት ውሳኔ ሰጪዎችን ሐሳብ ይመዘግባል። ስለዚህ የብርን አዝማሚያ ለሚከታተል ሰው ከመሣሪያዎቹ ሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ፣ ይህን ቁጥር ማን አወጣው የሚለው ነው።

ጥያቄው ለአዲስ አበባ አዲስ አይደለም። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም የነበረው የአራዳ ገበያ፣ ኋላ ፒያሳና ውቤ በረሃ ተብለው ዝናቸው ለወጣ ሰፈሮች እምብርት የነበረው ስፍራ፣ የሚገበያየው በጠገራ ብር ነበር። ጠገራ ብር 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት፣ ክብደቱ 28 ግራም ገደማ የሆነ የማሪያ ቴሬዛ የብር ሳንቲም ሲሆን፣ ዋጋው በአንድ በኩል በውጭው ዓለም የብር ማዕድን ገበያ፣ በሌላ በኩል በአገር ውስጥ ወቅታዊ ፍላጎት ይወሰን ነበር። ክረምት ወጥቶ መንገድ ሲከፈትና ነጋዴው ቡናና ቆዳ ለመግዛት ወደ ገጠር ሲወርድ ጠገራው ይፈለጋል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ፍላጎቱ ይቀዘቅዛል። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ በኩል የ50 ዓመት ልዩ መብት ይዞ ቢመጣም፣ ዳግማዊ ምኒልክም በስማቸው ገንዘብ ቢያስቀርጹም፣ ሕዝቡ ጠገራውን በቀላሉ አልተወም። የጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ ተቃራኒውን ትምህርት ሰጠ። ወራሪው መንግሥት ጠገራውን በራሱ በተመነው ዋጋ በሊሬ ሊለውጥ ሲነሣ፣ ባለ ገንዘቡ ብሩን ደበቀ፤ በመንግሥት ተመንና በጓዳ ተመን መካከል ልዩነት ተፈጠረ፤ የገበያውን እውነተኛ ሁኔታ ይናገር የነበረውም የጓዳው ቁጥር ነበር። አንድ ተመን በድርድር ሲገኝና በአዋጅ ሲወጣ የሚኖረው ልዩነት፣ የዛሬው ባለሙያ የሚጨነቅበት ጉዳይ፣ በዚሁ ሰፈር ታሪክ ውስጥ በግልጽ ይታያል።

ከዚያ በኋላ የነበረው የብር ተመን በመስመር ቢሰፍር ረጃጅም ሜዳና ጥቂት ገደል ያለበት ሥዕል ይወጣል። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ሆኖ፣ ንጉሣዊውንም ወታደራዊውንም ሥርዓት አልፎ ሃያ ዓመት ያህል ሳይነቃነቅ ቆየና በ1985 ዓ.ም. በአንድ ውሳኔ 5 ብር ሆነ። ቀጥሎ ጨረታ፣ ከ1994 ዓ.ም. ወዲህም የባንኮች የእርስ በርስ ገበያ ቢመጣም፣ ተመኑ በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር በዝግታ የሚንፏቀቅ ሆኖ ቀረ፤ በመሐሉ በ2002 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻና በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ሁለት ትልልቅ ቅነሳዎች ተደረጉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን በመመሪያ ሲፈቅድ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 57 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ይለው የነበረውን ዶላር በዚያው ዕለት ወደ 74 ብር ከ74 ሳንቲም ገደማ አደረሰው።

የተለመዱት የትንተና መሣሪያዎች እንዲህ ባለ ሥዕል ላይ ሲውሉ የሚሰጡት ምልክት ከከንቱም አልፎ አሳሳች ነው። ተንቀሳቃሽ አማካይ የሚባለው መሣሪያ የተወሰኑ ቀናትን ዋጋ ደምሮ በማካፈል በየዕለቱ የሚታደስ መስመር ያወጣል፤ ዋጋው ከመስመሩ በላይ እጅግ ሲርቅ ብዙ ነጋዴዎች ወደ አማካዩ ይመለሳል ብለው ይጠብቃሉ። የ50 ቀን አማካይ ይዞ የሐምሌ 22ን ተመን ያየ ሰው መስመሩን ከ58 ብር በታች፣ ዋጋውን ወደ 75 ብር ተጠግቶ ስለሚያገኝ፣ ዶላር ከልክ በላይ ተወዷልና ይሽጥ የሚል ምክር ይደርሰዋል። ምክሩን የተቀበለ ሰው በቀጣዮቹ ቀናት የሚደርስበት ኪሳራ ቀላል አይሆንም ነበር፤ ምክንያቱም ነሐሴ 1 ቀን ብሔራዊ ባንክ ባወጣው ልዩ ጨረታ 27 ባንኮች 175 ሚሊዮን ዶላር ሲገዙ አማካይ ዋጋው 107 ብር ከ90 ሳንቲም ሆኗል። አንጻራዊ የጥንካሬ መለኪያ የሚባለው ሁለተኛው መሣሪያ ደግሞ ዋጋ የጨመረባቸውን ቀናት አማካይ ዕድገት ከቀነሰባቸው ቀናት አማካይ ቅናሽ ጋር አነጻጽሮ ከ0 እስከ 100 ባለው ልኬት ያስቀምጣል፤ ከ70 በላይ ሲሆን ገዢው በዝቷል፣ ዋጋው ሊመለስ ይችላል ይባላል። ማዕከላዊ ባንክ ተመኑን በየዕለቱ በሳንቲም ክፋይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚገፋበት ዘመን ግን የሚቀንስ ቀን ስለሌለ መለኪያው ወራትን ሙሉ 100 ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የሒሳቡ ቀመር አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው የሚለካው ነገር በገበያው ውስጥ አለ ብሎ መጀመሩ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ጸጥታውን እንደ ደኅንነት መቁጠር ነው። የመዋዠቅ ልኬት፣ ማለትም ዋጋ ከአማካዩ በየቀኑ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያሳየው ቁጥር፣ በቋሚ ተመን ዘመን ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ የአደጋ መጠኑን የሚያሰላ ድርጅትም ዕዳውን በዶላር ማብዛት አያስፈራውም። የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ባንክ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ሲከላከል ቆይቶ፣ ጥር 15 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ያለ ማስጠንቀቂያ ወለሉን ሲያነሣ፣ የኪሳራ ማቆሚያ ትእዛዝ የሰጡ ነጋዴዎች ትእዛዛቸው በሰጡት ዋጋ አልተፈጸመላቸውም። የኪሳራ ማቆሚያ ትእዛዝ ዋጋ አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ ይዞታው ወዲያው እንዲሸጥ የሚያዝ ሲሆን፣ ከዝላዩ በፊትና በኋላ ባሉት ዋጋዎች መካከል ገዢ ከሌለ የሚይዘው ነገር የለም። የግብፅ ፓውንድም ለአንድ ዓመት ያህል 31 ገደማ ላይ ተረግቶ ከቆየ በኋላ መጋቢት 6 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. በአንድ ቀን ወደ 50 ገደማ ሲያሽቆለቁል፣ ማዕከላዊ ባንኩ በዚያው ዕለት ወለዱን በ6 መቶኛ ነጥብ ከፍ አደረገ። ለአዲስ አበባ ባለሙያ የካይሮው መጋቢት ከሐምሌው አምስት ወር ገደማ ቀድሞ የደረሰ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ሁለቱም አገሮች ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር በሚያደርጉት ድርድር ውስጥ ስለነበሩ፣ ከየትኛውም የዋጋ መስመር ይልቅ የድርድሩን ሂደት ማንበብ የበለጠ ይጠቅም ነበር።

ስለ መቶኛ ስሌት አንድ ነገር እግረ መንገድ መነሣት አለበት፣ ምክንያቱም ስሕተቱ በየጋዜጣው ስለሚደጋገምና የአስመጪን ሒሳብ ስለሚያፋልስ ነው። ዶላር ከ57.48 ወደ 74.74 ሲወጣ የዶላር ዋጋ በ30 በመቶ ጨመረ፤ ብር ግን ያጣው የቀድሞ አቅሙን 23 በመቶ እንጂ 30 በመቶ አይደለም። በ1985ቱ ቅነሳ ዶላር በ142 በመቶ ሲወደድ፣ ብር የረከሰው በ59 በመቶ ነው። ማንም ገንዘብ ከመቶ በላይ ሊረክስ ስለማይችል፣ የትኛው መቶኛ እንደተነገረ ሳይለዩ ውል መፈረም አደገኛ ነው።

የመንግሥት ተመን ዝም ባለበት ዘመን ባለሙያው ወዴት ይመለከታል? ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ጥቁር ገበያን ነው፤ የጥቁር ገበያ ቁጥር ግን በሕገ ወጥነቱ ምክንያት የተበታተነ፣ እንደ ገንዘቡ መጠንና እንደ ሰዉ ትውውቅ የሚለያይ፣ በወሬም የሚናወጥ ስለሆነ መስመር ለማስፈር አያመችም። ከዚያ የተሻለ፣ ሕጋዊና በአደባባይ የሚታይ መለኪያ ያለው በፒያሳ ወርቅ ቤቶች ነው። ወርቅ በዓለም ገበያ በትሮይ አውንስ፣ ማለትም በ31.1 ግራም፣ በዶላር ይሸጣል፤ 21 ካራት ወርቅ 87.5 በመቶው ንጹሕ ነው። ለስሌት ያህል አውንሱ 2,400 ዶላር ቢሆን የንጹሕ ወርቅ ግራም 77 ዶላር፣ የ21 ካራቱ ደግሞ 67.5 ዶላር ገደማ ይወጣዋል። ወርቅ ቤቱ የእጅ ዋጋ ሳይጨምር ግራሙን 7,700 ብር ካለ፣ 7,700 ለ67.5 ሲካፈል 114 ይሆናል፤ ይህ በወርቁ ዋጋ ውስጥ የተደበቀው የምንዛሪ ተመን ነው። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን፣ በተመሳሳይ ካራት፣ ለጌጥ ሥራ የሚከፈለውን ቀንሶ ይህን ቁጥር የሚመዘግብ ሰው ከባንክ ሰሌዳ የማያገኘውን አዝማሚያ ያገኛል፤ ይህ ቁጥር ብዙ ገዢና ሻጭ ስላለው ተንቀሳቃሽ አማካይም ትርጉም የሚኖረው በእሱ ላይ ነው። መለኪያው እንከን የለውም ማለት አይደለም፦ ብሔራዊ ባንክ ከባህላዊ አምራቾች ወርቅ ሲገዛ ከዓለም ዋጋ በላይ ጭማሪ ይከፍል የነበረ በመሆኑ የጭማሪው መጠን በተለወጠ ቁጥር የተደበቀው ተመንም አብሮ ይዛባል፤ የሠርግ ወራት ፍላጎትም ከፍ ያደርገዋል። ያም ሆኖ የወርቅ ቤቶቹን ዋጋ የምንዛሪ መረጃ አድርጎ በሥርዓት የሚመዘግብ ተቋም አለመኖሩ የሚያስቆጭ ነው፤ መረጃው በአደባባይ መስኮት ተለጥፎ ሳለ ይባክናል።

ሌላው ምስክር የላኪዎች ጠባይ ነበር። ዶላር በወረፋ በሚገኝበት ዘመን ቡና ወይም ሰሊጥ በኪሳራ ወደ ውጭ ሸጦ፣ ባገኘው ዶላር ዕቃ አስመጥቶ በአገር ውስጥ ኪሳራውን የሚያካክስ ነጋዴ መብዛቱ የታወቀ ነው። ላኪው በሰሊጥ ላይ ሊቀበለው የፈቀደው ኪሳራ፣ ዶላርን ከመንግሥት ተመን በላይ ምን ያህል ከፍ አድርጎ እንደሚገምተው በግልጽ ይናገራል። ይህን የተረዳ የባንክ ባለሙያ የሰሊጥን ዋጋ ከምንዛሪ ተመን ለይቶ አያይም።

ከሐምሌ 2016 ወዲህ ሥራው ተለውጧል እንጂ አልቀለለም። ላኪዎች ለብሔራዊ ባንክ ያስረክቡት የነበረው ድርሻ ቀርቷል፤ ባንክ ያልሆኑ የምንዛሪ ቢሮዎች ተፈቅደዋል፤ ብሔራዊ ባንክም የገንዘብ ፖሊሲውን በወለድ ተመን ላይ አቁሞ መነሻውን 15 በመቶ አድርጓል። ሆኖም የድሮው መሣሪያ፣ የባንኮች ብድር በዓመት ከተወሰነ መቶኛ በላይ እንዳያድግ የሚከለክለው ጣሪያ፣ ከአዲሱ ጎን ቀጥሎ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በ14 በመቶ ተጀምሮ በ2017 ወደ 18 በመቶ ከፍ ብሏል። ብድር የተከለከለ አስመጪ ዶላር ለመግዛት ብር ስለሚያጥረው፣ የብድር ጣሪያው በተዘዋዋሪ የምንዛሪ ፍላጎትን ይገድባል፤ ተመኑ ለወራት ሲረጋ ያየ ሰው መረጋጋቱ ከዶላር መብዛት ይሁን ከብር ማጠር ሳይለይ መደምደም የለበትም። የብድሩ ጣሪያ የሚነሣበት ቀን ለምንዛሪ ነጋዴ ከማንኛውም የሥዕል ምልክት ይበልጣል።

በመግዣና በመሸጫ ተመን መካከል ያለው ልዩነትም እንዲሁ ነው። በነጻ ገበያ ልዩነቱ ሲሰፋ ባንኮች ስለ ነገ ተመን መፍራታቸውን፣ ሲጠብ መተማመናቸውን ያሳያል። ብሔራዊ ባንክ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ልዩነቱ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ሲያዝ ለደንበኛው ጥሩ ሠርቷል፤ ለተመልካቹ ግን አንድ የፍርሃት መለኪያ ጠፍቷል። የታገደ ዋጋ መረጃውን ወደ ሌላ ቦታ ያዛውራልና፣ ፍርሃቱ አሁን የሚነበበው ኤልሲ (ባንክ ለአስመጪው የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና ሰነድ) ለመክፈት ከሚወስደው ጊዜ፣ ባንክ አስመጪውን አስቀድሞ ከሚያስይዘው ብርና ከተመኑ ውጭ በአገልግሎት ክፍያ ስም ከሚጠይቀው ነው። ለመድኃኒት አስመጪ የስድስት ሳምንት ወረፋ ከአምስት ብር የተመን ጭማሪ ሊከፋ ይችላል፤ ሥዕሉ ላይ ግን ወረፋው አይታይም።

የጨረታ ውጤት ሲወጣም ሦስት ነገሮች አብረው ካልተነበቡ አማካዩ ብቻውን ብዙ አይናገርም፦ የቀረበው ዶላር መጠን፣ ያሸነፉት ባንኮች ብዛት፣ አማካዩ በዋዜማው በባንኮች ሰሌዳ ላይ ከነበረው ተመን የራቀበት ልክ። የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ 60 ሚሊዮን ዶላር ለጨረታ ሲያቀርብ አማካዩ 135 ብር ከ60 ሳንቲም ገደማ ሆኖ ነበር። የነሐሴው ጨረታ የቀረበው ሰሌዳው ገና በየቀኑ በሚለዋወጥበት ወቅት ነው፤ የየካቲቱ ግን ሰሌዳው ለሰነበተ ጊዜ በዝግታ ሲጓዝ ከቆየ በኋላ ስለመጣ፣ በዚያ ጸጥታ ሥር የተከማቸውን ፍላጎት የገለጠ ነው ብሎ መውሰድ ያስኬዳል። ጨረታ ተጫራቾቹ ሊከፍሉ የፈቀዱትን ስለሚመዘግብ ወደ ድርድር ዋጋ የቀረበ ቁጥር ነው፤ የየዕለቱ ሰሌዳ ግን ባንኮች እርስ በርስና ወደ ብሔራዊ ባንክ እየተያዩ የሚያወጡት በመሆኑ በመሐል የሚቆም ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ያለውን ቁጥር ከኋላው ጋር በአንድ መስመር አያገናኝም፤ የጨረታ አማካዮችን በአንድ ዓምድ፣ የሰሌዳ ተመኖችን በሌላ፣ ከወርቅ የሚሰላውን በሦስተኛ ይመዘግባል፤ ሦስቱ ሲቀራረቡ በመሣሪያዎቹ ይጠቀማል፤ ሲራራቁ ደግሞ ይዞታውን ቀንሶ የብሔራዊ ባንክን ቀጣይ መመሪያ ይጠብቃል።