የማስታወሻ አያያዝና የኮምፒዩተር መሣሪያዎች፦ ከግሸን መጽሐፈ ጤፉት አንጻር የቀረበ ሒስ

ማስታወሻ መያዝ የመምህሩም የዕቅድ አውጪውም የዕለት ሥራ ነው። መምህሩ ተማሪዎቹ ደጋግመው የሳቱትን ጥያቄና ከመጻሕፍት የቀዳውን ቁም ነገር በደብተሩ ያሰፍራል፤ ዕቅድ አውጪውም የጉብኝት ዘገባንና የስብሰባ ውሳኔን በፋይል ያከማቻል። ይሁን እንጂ የተጻፈው ሁሉ በሚፈለግበት ሰዓት አይገኝም። መምህሩ ሲዛወር ደብተሩ አብሮት ይሄዳል፤ ተተኪውም ከሀ ይጀምራል። ይህን ችግር ያቃልላሉ የሚባሉ የኮምፒዩተር ማስታወሻ መሣሪያዎች ዛሬ ብዙ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መሣሪያዎቹ በአማርኛ ለሚያስብና ለሚጽፍ ሰው የሚሰጡትን አገልግሎት መመርመር ነው። መመዘኛውም የማስታወሻ ዋጋ የሚለካው በተከማቸው ብዛት ሳይሆን፣ ተፈልጎ በመገኘቱና ከምንጩ ጋር ተያይዞ በመቆየቱ ነው የሚለው ነው።

ሀ. የቀደምት ሊቃውንት ልምድ

በአምባሰል ግሸን ማርያም የሚገኘው መጽሐፈ ጤፉት ለዚህ ምርመራ መነሻ ይሆናል። መጽሐፉ ግማደ መስቀሉ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (1434-1468 እ.ኤ.አ.) ወደ አምባው የመጣበትን ታሪክ የሚተርክ ሲሆን፣ በተለምዶ እንደሚነገረው ስሙን ያገኘው ጽሕፈቱ እንደ ጤፍ ቅንጣት የደቀቀ በመሆኑ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ አንድሬ ካኮ በ1955 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ መጽሐፍ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት አሳትሟል። የደቀቀ ጽሕፈት በጥቂት ብራና ላይ ብዙ ነገር ያሳድራል፤ የተፈለገውን ቃል ለይቶ የሚያወጣው ግን ቦታውን የሚያውቅ አንባቢ ብቻ ነው። ማሳደርና ማግኘት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን የጤፉት ስም ራሱ ያስታውሳል።

ማግኘትን ለማቃለል የተደረገ ጥረትም ከዚያው አካባቢ አልታጣም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1280/81 እ.ኤ.አ. ያስጻፉት ወንጌል የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር በውስጡ ይዟል። በሌሎች አድባራትና ገዳማትም የርስትና የጉልት ድንጋጌ በወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ ይመዘገብ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚጠበቅ መጽሐፍ በውስጡ የሰፈረውንም ማስታወሻ ይጠብቃል። የአንድምታ ትርጓሜም እንዲሁ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። መምህሩ አንዱን ፍቺ ሌላውን ለመሻር አያውለውም፤ «አንድም» እያለ ከንባቡ ሥር ጎን ለጎን ያኖራቸዋል። እንግዲህ ዝርዝር ማውጣት፣ ማስታወሻን ከምንጩ ጋር ማሰር፣ የተለያየ አስተሳሰብን አብሮ ማቆየት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም።

ለ. የኮምፒዩተር መሣሪያዎች አመጣጥና ጥቅም

አሜሪካዊው ሳይንቲስት ቫኒቫር ቡሽ በ1945 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ሰው መጻሕፍቱንና ማስታወሻዎቹን የሚያኖርበትንና እርስ በርስ የሚያያይዝበትን «ሜሜክስ» የተባለ መሣሪያ በሐሳብ ነድፎ ነበር። መሣሪያው አልተሠራም፤ ሐሳቡ ግን ሳይሞት ቀረ። ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኒክላስ ሉማን ደግሞ ያለ ኮምፒዩተር፣ ቁጥር እየሰጠ እርስ በርስ ያያያዛቸውን 90,000 ያህል የወረቀት ቁራጮች በሣጥን አደራጅቶ ብዙ መጻሕፍት ጽፎባቸዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበው ኤቨርኖት፣ ከዚያም ኖሽንና በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ኦብሲዲያን የዚህ ሐሳብ ወራሾች ናቸው።

ጥቅማቸው የሚካድ አይደለም። ስለ ክፍልፋይ የተጻፈ ማስታወሻ ስለ መቶኛ ከተጻፈው ጋር በአንድ ምልክት ይያያዛል፤ አንዱ ሲከፈት ሌላው ይታወሳል። በመካከላቸው ግን ልዩነት አለ። ኖሽን ጽሑፉን በዋነኛነት በኩባንያው ኮምፒዩተሮች ላይ ሲያኖር፣ ኦብሲዲያን በጸሐፊው በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ተራ የጽሑፍ ፋይል አድርጎ ያስቀምጠዋል። የኢንተርኔት መስመር በሚቆራረጥበት ትምህርት ቤት፣ መሣሪያው ቢቀር እንኳ ጽሑፉ የሚነበብበት ሁለተኛው መንገድ የተሻለ ነው።

ሐ. የፊደሉ ፈተና

ዋናው ጉድለት የሚገለጸው በፍለጋ ላይ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ በመግባቱ አማርኛን በማንኛውም ኮምፒዩተር መጻፍ ተችሏል። ሥርዓቱ ግን ሀንና ሐን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ይቆጥራል። ለአማርኛ ልዩ ደንብ ያልተሰጠው ፍለጋም እንደዚያው ያደርጋል። ስለዚህ «ዓለም» ብሎ የጻፈ መምህር «አለም» ብሎ ቢፈልግ አያገኝም። «ፀሐይ» የሚለው ቃል ድምፁ ሳይለወጥ በአሥራ ሁለት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ ሁለቱ ጸዎች ከሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ ጋር ሲባዙ ማለት ነው። በአንድ ትምህርት ቤት አምስት መምህራን የጋራ ማስታወሻ ቢይዙ፣ የአንዱ ጽሑፍ ለሌላው ሊሰወር ይችላል።

የቃላቱ እርባታም ሌላ ችግር ይጨምራል። ቃልን ከመነሻው ብቻ የሚፈልግ መሣሪያ «ትምህርት» ሲባል «የትምህርት»ንና «በትምህርት»ን ያልፋቸዋል። በቃሉ መካከል የሚፈልገውም ቢሆን «ምህር» በሚለው ክፍል «መምህር»ንና «ትምህርት»ን ሲያገኝ «ተማሪ»ን ይስታል፤ ከአንድ ሥር የወጡት «ትምህርት» እና «ተማሪ» አንድም የጋራ ፊደል የላቸውምና። ይህ የቋንቋው ጉድለት ሳይሆን መሣሪያው ለሌላ ቋንቋ ጠባይ የተቀረጸ የመሆኑ ውጤት ነው። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚለው ክርክር የቆየ ቢሆንም፣ ለዚህ ችግር ሲባል መቋጨቱን መጠበቅ አያሻም። ጽሑፉ ጸሐፊው እንዳሰፈረው ይቆይ፤ ፍለጋው ግን ሞክሼዎቹን በእኩል ይቁጠራቸው።

ከዚህ ሌላ መሣሪያ ሊያርመው የማይችል ጉድለት አለ። ኮምፒዩተር መቅዳትን ቀላል ስለሚያደርግ፣ ያነበበውን ሁሉ የገለበጠ ሰው የተረዳ ይመስለዋል። ከጥቁር ሰሌዳ ያለ ማስተዋል የሚገለብጥ ተማሪና ገጾችን ሳያነብ የሚያከማች ባለ ኮምፒዩተር በዚህ ረገድ አይለያዩም።

መ. ማጠቃለያና አስተያየት

ከላይ ከተዘረዘሩት የሚከተሉት ነጥቦች ይወጣሉ፦

1. ማስታወሻ አያያዝ ከመሣሪያው በፊት በደብተር ሊሰጥ የሚገባው ትምህርት ነው። ተማሪው ያነበበውን በራሱ ቃል አሳጥሮ፣ የመጽሐፉን ስምና ገጽ ከጎኑ እንዲያሰፍር መለማመድ ይኖርበታል።

2. ትምህርት ቤቶች በጋራ ማስታወሻ ላይ የሚጠቀሙባቸውን ዋና ዋና ርእሶች አጻጻፍ አስቀድመው ቢወስኑ፣ የፍለጋው ችግር ያለ ምንም ወጪ ይቃለላል።

3. ለትምህርት ሥራ የሚገዛ ወይም የሚመረጥ መሣሪያ ሁሉ በሞክሼ ፊደላትና በቃል እርባታ አስቀድሞ ይፈተን።

4. በሚዛወር መምህር ምትክ የሚመጣው እንዳይቸገር፣ የማስታወሻው ቅጂ ከነርእስ ዝርዝሩ በትምህርት ቤቱ ይቅር።

የኮምፒዩተር ማኅደር እንደ ጤፉት ብዙ ያሳድራል። ቦታውን የሚያውቀው ሊቅ በሌለበት ጊዜ ግን የተጻፈው እንዲገኝ የሚያደርገው ዝርዝሩን ያወጣው እጅ ነው። ያን እጅ ማሠልጠን የትምህርት ቤት ድርሻ ነው።