ቢጫዋ የት ሄደች?

ልጅ ሆኜ በግቢያችን ዲሽ የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ምንጣፉ ላይ እንደረደራለን። ቴሌቪዥኑ በዐረብኛ ያወራል፤ ከመካከላችን ዐረብኛ የሚሰማ አንድም ልጅ አልነበረም። ታሪኩ ግን አይጠፋንም ነበር። ቀዩ አለቃ ነው፣ ሰማያዊው ብልሁ ነው፣ ሮዟ ቆንጆዋ ናት። ማን እንደተመታ፣ ማን ለማን እንደደረሰ የሚነግረን ቀለሙ ነበር። ፓወር ሬንጀርስ ሲያልቅ ወደ ደጅ ወጥተን ጦርነቱን ካቆመበት እንቀጥላለን። ማን ማንን እንደሚሆን የሚወስነው ደግሞ ያን ቀን የለበስነው ልብስ ነው። እኔ እናቴ የሠራችልኝ ቢጫ ሹራብ ነበረኝ፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ቢጫዋ እኔ ነበርኩ።

ዛሬ እንጀራዬ ቀለም ነው። ፊልሙ ተቀርፆና ኤዲት ተደርጎ ካለቀ በኋላ እኔ ጋ ይመጣል። መጋረጃውን ዘግቼ፣ ሞኒተሩ ፊት ተቀምጬ፣ ሾት በሾት ብርሃኑንና ቀለሙን አስተካክላለሁ። ከለር ግሬዲንግ ይሉታል። ካለፉት ዓመታት ትዕዛዞች ሁሉ ደጋግሜ የሰማሁት አንድ ነው፤ «እህቴ፣ ትንሽ ጨለም አድርጊው።» ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር ወደዚያ ምንጣፍ እመለሳለሁ። የልጆችን ታሪክ ማጨለም ምን ማለት እንደሆነ ከሌላ ሥራ ሁሉ በላይ ያስተማረኝ የፓወር ሬንጀርስ ዕጣ ነውና።

ሥራውን ከለመድኩ በኋላ የመጀመሪያው ተከታታይ ፊልም እንዴት እንደተሠራ ሳነብ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። «ማይቲ ሞርፊን ፓወር ሬንጀርስ» እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ በፎክስ ኪድስ ጀመረ። የድብድቡ ምስል በአብዛኛው የመጣው ግን ከጃፓን ነው። ቶኤይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ከ1975 ጀምሮ ባለ ቀለም ልብስ ጀግኖችን በቡድን የሚያሰልፍ ሱፐር ሴንታይ የሚባል ተከታታይ ሥራ ነበረው። ሀይም ሳባንና ሹኪ ሌቪ ከዚያ ውስጥ በ1992 የተጀመረውን «ዙሬንጀር» ወሰዱ። ጭራቆቹን፣ ግዙፎቹን ሮቦቶች፣ ሄልሜት ያጠለቁ ተዋጊዎችን እንዳሉ ተጠቀሙባቸው። ፊት የሚታይበትን፣ ትምህርት ቤት የሚኬድበትን፣ ጁስ የሚጠጣበትን ክፍል ደግሞ በካሊፎርኒያ በአሜሪካውያን ወጣቶች ቀረፁ።

እንደ ባለሙያ አስቡት። አንዱ ሾት ውስጥ ቀዩ ሬንጀር ጄሰን ቀይ ቲሸርት ለብሶ ይሮጣል። ቀጥሎ ባለው ሾት ሌላ ሰው፣ በሌላ አገር፣ ለሌላ ታሪክ የተቀረፀ፣ ቀይ ሄልሜት አጥልቆ ይዘላል። ዓይናችን አንድ ሰው ነው ብሎ ያልፋል። ሁለቱን አገር የሰፋው ክር ቀለሙ ብቻ ነው። ዛሬ መልሼ ሳየው መጋጠሚያው ላይ የብርሃኑ ጠባይ ሲለወጥ ይታየኛል፤ ሕፃን ሳለሁ ግን ያ ቀይ ሁሉን ነገር ይሸፍንልኝ ነበር። ከሁሉ የበለጠ የገረመኝ የራሴ ቀለም ነው። በጃፓኑ ሥራ ቢጫው ወንድ ነበር። የሮዟ ልብስ አጭር ቀሚስ ሲኖረው የቢጫዋ የሌለው ለዚህ ነው። ፊቷን ያየነው ትሪኒ፣ ተዋናይቷ ቱይ ትራንግ፣ ሄልሜቱ በወረደ ቁጥር ጃፓናዊ ወንድ ትሆን ነበር፤ እኔም በግቢያችን ሁለቱንም አንድ ላይ ሆኜ ስዋጋ ኖሬያለሁ።

እንግዲህ በ1993 ምንጣፍ ላይ የተቀመጡ ልጆች አደጉ። ያደገ ሰው የልጅነቱን ነገር ሲያነሳ ከዕድሜው ጋር እንዲያድግለት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ጆሴፍ ካን የተባለው የሙዚቃ ቪዲዮ ዳይሬክተር፣ አዲ ሻንካር ፕሮዲዩስ ያደረገውን የ14 ደቂቃ አጭር ፊልም በኢንተርኔት ለቀቀ። ደም አለበት፣ አደንዛዥ ዕፅ አለበት፣ የተሸነፉና የተከዳዱ ሬንጀሮች አሉበት። የመብቱ ባለቤቶች አስወርደውት ነበር፤ በኋላ ማስጠንቀቂያ ተጨምሮበት ተመለሰ። ሥራው ጥንቁቅ ነው፣ ምስሉም ያምራል። እኔን ግን አልነካኝም። ልጅነቴን ወስዶ ገደለው እንጂ ምን ይፈራ እንደነበር አልጠየቀውም።

በ2017 የወጣውን ትልቁን የፓወር ሬንጀርስ ፊልም ከሚወቅሱት ወገን አይደለሁም። ዳይሬክተሩ ደቡብ አፍሪካዊው ዲን ኢዝራላይት ነው። ካሜራውን የያዘው ማቲው ሎይድ ከዚያ በፊት «ዴርዴቪል» የተባለውን ተከታታይ ፊልም የመጀመሪያ ምዕራፍ የቀረፀ ነው፤ ሌሊትን የሚያውቅ እጅ ነው። ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ያስገባው 142 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ ያ ደግሞ ለሁለተኛ ክፍል አላበቃውም። ሰው ያጉረመረመበት ዋና ነገር ልጆቹ ልብሱን የሚለብሱት ከ124 ደቂቃው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው። እኔ የምወደው ደግሞ በትክክል ያንን ነው።

እስከዚያ ድረስ ምን እናያለን? በአንድ ጥፋት የኳስ ሕይወቱን ያበላሸ ልጅ፤ የጓደኛዋን ገመና አሳልፋ የሰጠችና ከራሷ ጋር መታረቅ ያቃታት ልጅ፤ አባቱ የሞተበት፣ ኦቲዝም ያለበት ቢሊ፤ የታመመች እናቱን ብቻውን የሚያስታምም ዛክ፤ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየተዘዋወረች ማንም የማያውቃት ትሪኒ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በ1993 ጥቁሩን ሬንጀር ጥቁር አሜሪካዊ፣ ቢጫዋን የእስያ ዝርያ ያላት ተዋናይት ነበሩ የተጫወቱት፤ ያ ምርጫ አዘጋጆቹን ለብዙ ዓመታት ሲያስወቅሳቸው ኖሯል። በ2017 ሰማያዊው ጥቁር ልጅ ነው፣ ጥቁሩ ቻይና የተወለደ ነው፣ ቢጫዋ ሜክሲኳዊ አሜሪካዊት ናት። ቀለም ከሰው ቆዳ ላይ ተነስቶ ወደ ልብስ ሲመለስ ለኔ ሙያ ትልቅ ነገር ነው።

በሌሊት እሳት አንድደው የተቀመጡበትን ትዕይንት ከአሥር ጊዜ በላይ ሾት በሾት አይቼዋለሁ። ዙሪያው ጨለማ ነው። እሳቱ ፊታቸውን ከታች ይነካዋል፤ ጉንጭ ይበራል፣ የዓይን ጉድጓድ ይጠልቃል። ዛክ ስለ እናቱ ሲናገር፣ አንድ ቀን ቤት ሲገባ ሞታ እንዳያገኛት እንደሚፈራ ይገባናል። ትሪኒ ቤተሰቧ እሷን እንደማያውቋት ስትናገር ካሜራው አይቸኩልም። ጨለማውን የጨመረው ሰው ብርሃኑን የት እንደተወ ልብ በሉ፤ ፊት ላይ ነው። ጨለማው የልጆቹን ምሥጢር ከበበው እንጂ አልሸፈነውም።

ክፉዋ ሪታ ሌሊት ትሪኒ መኝታ ቤት የምትገባበት ትዕይንትም እንደዚሁ ነው። በድሮው ሥራ ሪታ በተዋናይቷ በማቺኮ ሶጋ ፊት የምትስቅ፣ ከጨረቃ ላይ ሆና የምትጮህ ጠንቋይ ነበረች፤ ፈርተናት እናውቃለን፣ ግን ፍርሃቱ ሲያልቅ እንስቅ ነበር። በኤልዛቤት ባንክስ ሪታ ላይ ሳቁ የለም። ልጅ የሚፈራው የራሱን ክፍል ጣሪያ ነው፤ ፊልሙ ያንን ያውቃል። የማልወደውም አለኝ። ሪታ የአንድ ምስኪን የጎዳና ሰው የወርቅ ጥርስ የምትነቅልበት ትዕይንት ለኔ ለማስደንገጥ የገባ ይመስላል። ልብሶቹም በዌታ ወርክሾፕ ድንቅ ሆነው ተሠርተው ሳለ፣ ከሪታ የድንጋይ ፍጡራን ጋር በሚዋጉበት ጉድጓድ ውስጥ ለኔ ዓይን ቀለማቸው በጣም ተቆጥቧል። ቢጫዋን ለማግኘት አንድ አፍታ እፈልጋለሁ። በፍጥነት በሚቆረጥ ድብድብ ውስጥ አንድ አፍታ ብዙ ነው።

«ጨለም አድርጊው» የሚሉኝ ሰዎች የማያውቁትን ልንገራቸው፤ ቀለሞች እኩል አይጨልሙም። በቴሌቪዥን ስሌት ምስልን ብሩህ ከሚያደርገው ውስጥ 72 በመቶ ያህሉ ከአረንጓዴ ይመጣል፣ 21 ያህሉ ከቀይ፣ ከሰማያዊ 7 ብቻ። ስለዚህ ሰማያዊው ልጅ ከመጀመሪያውም ጨለማ ነው፤ ትንሽ ስትቀንሱበት ከጥቁሩ ልጅ ጋር ይቀላቀላል። ጥቁሩ ደግሞ ከኋላው የትከሻውን ጠርዝ የሚያወጣ ብርሃን ካልተሰጠው ግድግዳው ይውጠዋል። ቀዩስ? ብርሃን እጅግ ሲደክም የሰው ዓይን ቀድሞ የሚያጣው ቀይን ነው። ፑርኪንየ የተባለው የቼክ ሊቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይህን ያስተዋለው ጎህ ሲቀድ አበባ እያየ ነበር፤ ቀን ደምቀው የሚታዩ ቀያዮች በዚያች ሰዓት ጥቁር ይመስላሉ። አለቃው ቀድሞ ይጠፋል ማለት ነው። ሮዝ ሲደበዝዝ አመድ ይሆናል።

ቢጫ ግን ከሁሉ የከፋ ነው። ቀይና አረንጓዴ ተደምረው ስለሚሠሩት ከነጭ ቀጥሎ የሚያበራ ቀለም ነው፤ ያ ብርሃኑ ነው ቢጫ የሚያሰኘው። ጥቁር ሰማያዊ አለ፣ ጥቁር ቀይ አለ። ጥቁር ቢጫ ግን የለም። ብርሃኑን ስትወስዱበት ቡናማ ሆኖ ይቀራል፣ የአፈር መልክ ይይዛል።

ይህን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር፤ ሥጋዬ ያወቀው ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አንድ የልጆች አጭር ፊልም ሠራሁ። አንዲት ትንሽ ልጅ አባቷን ፍለጋ ሌሊት ከቤት ትወጣለች፤ ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች። ዳይሬክተሩ እንደ ውጭ ፊልም ጨለም እንዲልለት ፈለገ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ሠራሁት። በሞኒተሬ ላይ ውብ ነበር። ልጅቷ በአጥሩ ሥር ስትሄድ ቀሚሷ ገና ይታይ ነበር። ሞኒተሬ ግን ነጩን ኒት በሚባለው የብርሃን መለኪያ በ100 የሚያሳይ ነው፤ ሲኒማ በደንቡ 48 ኒት ነው፤ ያ ያሳየንበት አዳራሽ ፕሮጀክተር ደግሞ አምፑሉ አርጅቶ ከዚያም በታች ወርዶ ነበር። መውጫው በር እየተከፈተ ብርሃን ይገባል። ልዩነቱን አስልቼ ለሲኒማው ለብቻ ማዘጋጀት የኔ ሥራ ነበር፤ አላደረግኩትም።

አዳራሹ ሕፃናት ሞልተውበት ነበር። ልጅቷ ከበሩ ስትወጣ፣ ከፊቴ ሁለት ረድፍ ቀደም ብሎ የተቀመጠ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ወደ እናቱ ዞሮ፣ «እማዬ፣ የት ሄደች?» አለ። እናቱ «ዝም በል፣ ይኸው እየሄደች ነው» አለችው። እሱ ግን በእናቱ ጉልበት ላይ ቆሞ ማያውን ከዳር እስከ ዳር ፈለገ። እኔም አብሬው ፈለግኩ። የራሴን ልጅ ያጣሁ ያህል ደነገጥኩ። ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል የፈጀው ትዕይንት ሙሉውን ቡናማ በጥቁር ላይ ሆኖ አለፈ፤ ሕፃናቱም እርስ በርስ ማውራት ጀመሩ።

በዚያ ዓመት የትንሣኤ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳለ መልሱ ዓይኔ ፊት ነበር። መብራት ጠፍቶ ጧፍ ሲበራ፣ ከግቢው አብዛኛው ጨለማ ነው። የእያንዳንዱ ሰው ነጠላ ግን ከእጁ ባለው ነበልባል አጠገብ፣ ከደረቱ እስከ አገጩ፣ ይበራል። ከጀርባው ያለው ነጠላ ሰማያዊ ግራጫ ሆኗል፤ ነጭ መሆኑን ግን ማንም አይጠራጠርም፤ ደረቱ ላይ ያለው ያስረዳዋልና። አጠገቤ የቆሙት እማማ ጧፋቸውን ከነፋስ በመዳፋቸው ሲጋርዱ ብርሃኑ በጣቶቻቸው መሀል ቀላ ብሎ ወጣ። ቀለም በጨለማ ውስጥ ለመቆየት የሚበቃው እንዲህ ትንሽ ቦታ ነው፤ ግን ያ ትንሽ ቦታ ሙሉ መሆን አለበት።

ዳይሬክተሩን ለምኜ ፋይሉን እንደገና ከፈትኩ። ልጅቷ በእጇ ፋኖስ ይዛ ነበር፤ በመጀመሪያው ሥራዬ ከጨለማው ጋር አብሬ ዝቅ አድርጌዋለሁ። አሁን የፋኖሱን ብርሃን ከቀሚሷ ደረትና ከእጅጌዋ ላይ ብቻ ከፍ አደረግኩት፤ ከሾት ወደ ሾት እየተከተልኩ፣ ስትሮጥ እንዲወዛወዝ፣ ስትቆም እንዲረጋ። አጥሩን፣ መንገዱን፣ ሰማዩን ከበፊቱም ይበልጥ አጨለምኩት። ሌሊቱ አሁን የበለጠ ያስፈራል። የቀሚሷ የታችኛው ጠርዝ ቡናማ ነው፤ ደረቷ ግን ቢጫ ነው።

ከዚያ ወዲህ ለልጆች የሚሆን ፊልም ጨርሼ ከመላኬ በፊት ሞኒተሩን በግማሽ አደበዝዘዋለሁ፣ መጋረጃውንም እከፍታለሁ፤ የከሰዓት ፀሐይ ክፍሉ ውስጥ እስኪገባ። ከወንበሬ ተነስቼ ወደ ኋላ፣ እስከ በሩ ድረስ እሄዳለሁ። ድምፁን ዘግቼ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ ማን ማን እንደሆነ ከዚያ ርቀት፣ ያለ ቃል፣ መለየት እችል እንደሆነ አያለሁ።