ሳያብብ የሚነቀል አረም

በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ቅንጬ አረምን ሳያብብ ከነሥሩ የሚነቅሉ ገበሬዎች ትልቅ ምስጋና ይገባቸዋል። ፓርቴኒየም የሚባለው ይህ የመካከለኛው አሜሪካ መጤ ወደ አገራችን የገባው ከእርዳታ እህል ጋር እንደሆነ ይታመናል። አንዷ ተክል ከ15,000 በላይ ዘር ልትሰጥ ትችላለች፤ ዘሩም በንፋስ፣ በጎርፍ፣ በመኪና ጎማ ጭቃ ይጓዛል። ከሥሩና ከቅጠሉ የሚወጣው ንጥረ ነገር የአገሩን ሣር ያቀጭጫል፤ የበላችው ላም ወተትም ይመራል።

እኔን የሚያስደንቀኝ ጊዜውን ማወቃቸው ነው፦ ዝናቡ አፈሩን ሲያለሰልሰው፣ ነጩ አበባ ብቅ ሳይል። ማጨድ አይበቃም፣ መልሶ ያቆጠቁጣልና። ሥራው ደግሞ ከባድ ነው፤ አረሙ ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ይቀሰቅሳል። ጓንት ሊሟላላቸው ይገባል!

እ.ኤ.አ. በ2016 ወለንጪቲ ላይ ቅጠሉን የምትበላ፣ መገኛዋ ሜክሲኮ የሆነ ጥንዚዛ ተለቅቃለች፤ ተስፋ ሰጪ ነው። ኮምቦልቻ አጠገብ ካለው የጎፍ ደን ጥድና ወይራ በታች ላለው ግጦሽ ግን የሰው እጅ አሁንም ያስፈልጋል። አፈር ውስጥ የተቀበረው ዘር ለዓመታት ስለሚቆይ፣ ገበሬዎቹ ያጸዱትን መሬት በየክረምቱ ተመልሰው ያስሱታል።